የፕሮግራሚንግ ውድድር የትምህርቱ አካል እንጂ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም

በደማም፣ በዳህራንና በአል ኸበር የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻቸውን ወደ ፕሮግራሚንግ ውድድሮችና ወደ ሙያ ጉባኤዎች መላክ ከጀመሩ ቆይተዋል። ተማሪዎቹ ሲመለሱ ለሕዝብ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ሦስት ወጣቶች፣ በእጃቸው ሰርተፊኬት፣ ከኋላቸው የአዘጋጁ ባነር። ፎቶግራፉ ደስ ያሰኛል፤ ይሁንና ከዚያ በፊት የነበሩትን የወራት ልምምዶች፣ ከዚያም በኋላ ሊመጣ የሚገባውን ትምህርት አያሳይም። በዚህም የተነሳ ውድድሩን ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ማስታወቂያ፣ ወላጆች እንደ ሽርሽር፣ ተማሪዎች ራሳቸው ደግሞ እንደ ሥራ ማመልከቻ ማሳመሪያ ሲያዩት ይስተዋላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በቀጣናው የሚካሄዱ ውድድሮችና ጉባኤዎች ከመደበኛው ትምህርት ጋር እኩል ክብር፣ እኩል ጊዜና እኩል በጀት ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚጎዳው ደግሞ አቅም ያለው ተማሪ ሳይሆን አቅም የሌለው ነው።

በቅድሚያ ውድድሩ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከሚካሄዱት የፕሮግራሚንግ ውድድሮች እጅግ የታወቀው ዓለም አቀፉ የኮሌጆች የፕሮግራሚንግ ውድድር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ውድድር ሲሆን፣ የመጀመሪያው የፍጻሜ ውድድር በ1977 በአትላንታ ከተማ ተደርጓል። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ቡድን ሦስት ተማሪዎች አሉት፤ ለሦስቱ የሚሰጣቸው ኮምፒውተር ግን አንድ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል። ኢንተርኔት አይፈቀድም፤ ስልክ አይገባም። አንድን ጥያቄ በትክክል የፈታ ቡድን በጠረጴዛው ላይ ቀለም ያለው ፊኛ ይታሰርለታል። ስለዚህ ወደ አዳራሹ የገባ ሰው፣ ስለ ኮምፒውተር ምንም ባያውቅ እንኳ፣ ማን ወደፊት እንደሄደና ማን ወደ ኋላ እንደቀረ በፊኛው ብዛት ይለያል።

የነጥብ አሰጣጡም የራሱ ትምህርት አለው። አሸናፊው በመጀመሪያ የሚለየው በፈታቸው ጥያቄዎች ብዛት ነው፤ እኩል የሆኑት በወሰደባቸው ጊዜ ይለያያሉ። ተሳስቶ ያቀረበ ቡድን ጥያቄውን በኋላ ከፈታው ለእያንዳንዱ ስሕተት ሃያ ደቂቃ ይጨመርበታል። አንድ ቡድን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በአርባኛው ደቂቃ ላይ ቢፈታ፣ የሚመዘገብበት ጊዜ ሰማንያ ደቂቃ ነው ማለት ነው። ዳኛው ኮምፒውተር ደግሞ «መልሱ ስሕተት ነው» ወይም «ጊዜ አልፎበታል» ከማለት በቀር ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ አይናገርም። ተማሪው ያልታየውን ጉድለት ራሱ ማሰብ፣ ራሱ መፈለግ፣ ራሱ ማረም አለበት። በክፍል ውስጥ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የሚያሳየው ስሕተት እዚህ ላይ የለም።

አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው መስጠቱ ከቁጠባ የመጣ ሊመስል ይችላል። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው የሚቀጥለውን ጥያቄ በወረቀት ላይ ያሰላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ያልሠራውን ኮድ አሳትሞ በእስክሪብቶ መስመር በመስመር ይመረምራል። ቁልፍ ሰሌዳውን ይዞ የማይለቅ ተማሪ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ቡድኑን ይጥላል። ዝም ብሎ የሚቀመጠውም እንዲሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች አባባል በዚህ አዳራሽ ውስጥ በሰዓት ተለክቶ ይታያል። ፈተና በየግሉ በሚሰጥበት የኮሌጅ ሥርዓት ውስጥ ይህን የመሰለ የጋራ ሥራ ትምህርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በሥራ ዓለም የሚጠበቀው ግን ይኸው ነው።

ምሥራቃዊው ግዛት ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በደማም ሰባተኛው ጉድጓድ ነዳጅ ለንግድ በሚበቃ መጠን ከተገኘ ወዲህ አካባቢው የመሐንዲሶችና የባለሙያዎች መናኸሪያ ሆኗል። በ1963 በዳህራን የተመሠረተውና ዛሬ የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና የማዕድን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ከዚሁ ታሪክ የተወለደ ነው። በደማም በ1975 ሥራ የጀመሩት የንጉሥ ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች በኋላ ራሳቸውን ችለው፣ ከ2016 ወዲህ የኢማም አብዱረሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ ተብለው ይጠራሉ፤ የኮምፒውተር ሳይንስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኮሌጅም አለው። በአል ኸበር በኩል የልዑል ሙሐመድ ቢን ፋህድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ይህ የግል ተቋም ነው። ሦስቱ በመኪና ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ይገኛሉ። እንዲህ ተጎራብተው የሚኖሩ ተቋማት በየሳምንቱ ተማሪዎቻቸውን በጋራ ቢያለማምዱ ተጨማሪ ሕንፃም ሆነ ተጨማሪ ቢሮ አያስፈልጋቸውም።

የጉዞውም መንገድ ቅርብ ነው። ከአል ኸበር ወደ ባሕሬን የሚወስደው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ከ1986 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ማዶው ላይ የባሕሬን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የኢንፎርማቲክስ ጉባኤዎችን ያስተናግዳል። ወደ ሪያድ የሚወስደው የባቡር መስመር ደግሞ ከ1951 ጀምሮ አለ። ስለዚህ ለደማምና ለአል ኸበር ተማሪ «የቀጣናው ጉባኤ» ማለት ውቅያኖስ ማቋረጥ አይደለም፤ አንዳንዴ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ ውድድር የክልሎች አደረጃጀት መሠረት የዐረብ አገራትና አፍሪካ አንድ ቀጣና ናቸው። የቀጣናው ሻምፒዮና ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው የዐረብ ኮሌጆች ውድድር ላይ ሲሆን፣ ዛሬ የአፍሪካና የዐረብ ኮሌጆች የፕሮግራሚንግ ሻምፒዮና ይባላል። የሳዑዲ ዐረቢያ ዩኒቨርሲቲዎች በአገር አቀፍ ማጣሪያ አልፈው እዚያ ይደርሳሉ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም በራሳቸው የኮሌጆች ውድድር ተጣርተው እዚያው ይገናኛሉ። በዚህም ምክንያት አባቱ በደማም ወደብ አካባቢ የሚሠራ፣ በአል ኸበር የሚማር ኢትዮጵያዊ ወጣትና ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ የመጣ የዕድሜ እኩያው በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ሊፎካከሩ ይችላሉ። ከዚህ በላይ የሚያስደስተው ደግሞ ሕጉ ነው፤ ተማሪው የሚወዳደረው በተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ስም እንጂ በፓስፖርቱ ቀለም አይደለም። በሳዑዲ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የውጭ አገር ዜጋ ልጅ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ ይችላል። ይህን የሚያውቁ ወላጆች ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአገር ቤት የታየው ለውጥም ለዚህ አስረጅ ይሆናል። በቀድሞ የጉግል መሐንዲስ በኤምሬ ቫሮል የተመሠረተው ኤቱኤስቪ፣ በሙሉ ስሙ «ከአፍሪካ ወደ ሲሊከን ቫሊ»፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መልምሎ በነፃ ያሠለጥናል። ሥልጠናው ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ሊገለጽ የሚችል ነው፤ ተማሪዎች የውድድር ጥያቄዎችን በየቀኑ ይፈታሉ፣ በየጊዜው እርስ በርስ ይወዳደራሉ፣ ከውድድሩ በኋላ ያልተፈታውን ጥያቄ ቁጭ ብለው ይፈታሉ። ከዚህ ሥልጠና የወጡ ወጣቶች ጉግልን በመሳሰሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ተቀጥረዋል። የተለወጠው የልጆቹ አእምሮ አልነበረም፤ አእምሮው ቀድሞም ነበር። የተለወጠው በየዕለቱ የሚደረገው ልምምድና ልምምዱን የሚመራ ሰው መገኘቱ ነው። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብርም ለብዙኃኑ የመነሻ ትምህርት ይሰጣል። መነሻው ግን መድረሻ አይደለም፤ ከመነሻው በኋላ ተማሪው ራሱን የሚለካበት ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ውድድር ይህ ሚዛን ነው።

ጉባኤ ከውድድር ይለያል። በውድድር ጥያቄውን ሌላ ሰው ያዘጋጃል፤ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል። በጉባኤ ግን ጥያቄውን ያመጣው ተመራማሪው ራሱ ነው፤ መልሱም ገና አከራካሪ ነው። ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ማየት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ እንደ ድንጋይ የጸና የመሰለው እውቀት፣ በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ሰዎች የሚከራከሩበት፣ የሚያሻሽሉት፣ አንዳንዴም የሚጥሉት መሆኑን ይረዳል። ይሁንና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን እየነካካ፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት ተቀብሎ የሚወጣ ተማሪ ይህን አያገኝም። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ወደ ጉባኤ የሚሄድ ተማሪ የሚቀርቡትን ጽሑፎች ርእስ አስቀድሞ አይቶ ሁለቱን መርጦ ያንብብ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይሂድ፤ በቡና ሰዓት ጸሐፊውን ፈልጎ ያነጋግር። ይህን ካደረገ የመሄጃው ወጪ አልባከነም።

ጉባኤው በቅርብ አካባቢ መሆኑ የሚያስገኘውን ጥቅም ለመረዳት በቅርብ ዓመታት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ ሞንትሪያል በተካሄደው ታላቁ የማሽን ትምህርት ጉባኤ ላይ ሊገኙ የነበሩ በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ጥቁር ተመራማሪዎችን ለማሰባሰብ ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በ2017 የመሠረቱት ማኅበር ይህን ጉዳይ በአደባባይ ካነሱት ዋነኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላው ታላቅ ዓለም አቀፍ የመስኩ ጉባኤ በ2020 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። በ2023 ግን በሩዋንዳ ኪጋሊ በአካል ተካሄደ። በተመሳሳይ ሁኔታ የዓለም የኮሌጆች ፕሮግራሚንግ ውድድር ሁለት የፍጻሜ ዙሮች በአንድነት በሚያዝያ 2024 በግብፅ ሉክሶር ተደርገዋል። መድረኩ ወደ ተማሪው ሲቀርብ የሚገቡት ሰዎችም ይለወጣሉ፤ የቪዛ መስኮት ላይ የሚቀረው አእምሮ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ አንጻር እንቅፋቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው በራሳቸው በኮሌጆቹ ውስጥ ነው። በብዙ ቦታ ቡድን የሚመረጠው ውድድሩ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ የሚመረጡትም በክፍል ውጤታቸው ከፍ ያሉት ናቸው። የክፍል ውጤት ግን የትጋት መለኪያ እንጂ ያልታየን ችግር በአምስት ሰዓት የመፍታት መለኪያ አይደለም። የማሠልጠኑ ኃላፊነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማስተማር ሰዓቱ ሳይቀነስለት በአንድ ወጣት መምህር ትከሻ ላይ ይጣላል። እንዲህ ሆኖ የሚላክ ቡድን በአንድ ወይም በሁለት ፊኛ ቢመለስ ተማሪዎቹን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ምርጫው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ማንኛውም ተማሪ የሚገባበት የውስጥ ውድድር ይካሄድ፤ ከዚያ ውጤት ቡድኖች ይዋቀሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በውድድሩ ሕግ፣ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሆኖ የአምስት ሰዓት ልምምድ ይደረግ። የልምምድ ጥያቄዎች ችግር የለም፤ ኮድፎርስስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች በሺዎች የሚቆጠሩ ያለፉ ጥያቄዎችን በነፃ ያቀርባሉ፤ ዳኛውም እዚያው አለ። ለአሠልጣኙ መምህር ሥራው እንደ አንድ ኮርስ ይቆጠርለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሄዱት ለቀሩት ያስተምሩ፤ ከውድድር የተመለሰ ቡድን በአንድ ሳምንት ውስጥ በተማሪዎች ፊት ቆሞ የፈታውንም፣ ያልፈታውንም፣ ለምን እንዳልፈታውም ያስረዳ። ሦስት ሰው ሄዶ ሠላሳ ሰው የሚማረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የገንዘብና የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ይህ በተለይ የውጭ አገር ዜጎችን ልጆች ይመለከታል። በሳዑዲ ዐረቢያ በኢቃማ የሚኖር ቤተሰብ ከ2020 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል ይከፍላል፤ ይህ በዓመት 4,800 ሪያል ነው። ልጁ በግል ዩኒቨርሲቲ የሚማር ከሆነ የትምህርት ክፍያው በዚያ ላይ ይጨመራል። ልጁ ወደ ባሕሬን ወይም ወደ ግብፅ ለመሄድ ሲነሳ ደግሞ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ጊዜ ጉዞ እስከ ሁለት ወር የሚያገለግለው 200 ሪያል ነው። የሚሄድበት አገር ቪዛ ሌላ ነው። የሳዑዲ ዜግነት ያለው የቡድን ጓደኛው ድልድዩን በመታወቂያ ሲሻገር፣ እርሱ ሁለት ወረቀት መጨረስ አለበት። ዩኒቨርሲቲው የጉዞውን ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት ብቻ ካሳወቀ፣ ይህ ልጅ ከቡድኑ የሚወጣው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በቀን ማነስ ነው። ስለዚህ የጉዞ መርሐ ግብርና በጀት በዓመቱ መጀመሪያ ይታወቅ፤ የቪዛ ወጪም እንደ አውሮፕላን ቲኬትና እንደ ሆቴል የቡድኑ ወጪ ሆኖ ይያዝ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የሚያስቀረው ልጅ ግን ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው እንቅፋት በቤታችን ውስጥ ነው። በዚህ ግዛት የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ላባቸውን አፍስሰው የሚያገኙትን ከፍለው ልጅ የሚያስተምሩ፣ አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እህት የሚያስተምሩም ናቸው። በአል ኸበር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለታናሽ ወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ ትልካለች፤ እርሱ ደግሞ አንድ ቀን ደውሎ «ለፕሮግራሚንግ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ መሄጃ፣ ለላፕቶፕም መጨመሪያ ያስፈልገኛል» ይላታል። «ውድድር» የሚለው ቃል በጆሯችን የሚያመጣው ኳስ ነውና «እኔ እዚህ የምሠቃየው አንተ እንድትጫወት ነው ወይ?» ብላ ብትመልስ አይፈረድባትም። ይህን ነገር ለመለየት የሚረዳት ግን ጥቂት ጥያቄ ነው። ውድድሩን ማን ያዘጋጀዋል? ዩኒቨርሲቲው ያውቀዋል ወይ? አሠልጣኝ አለህ ወይ? በሳምንት ስንት ሰዓት ትለማመዳለህ? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ያለው ተማሪ ጨዋታ ላይ አይደለም፤ ትምህርቱን ከክፍል በላይ እየወሰደው ነው። መልስ የሌለው ደግሞ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት መልሱን ይዞ ይምጣ።

ይህ ጥንቃቄ በጉባኤ በኩል ይበልጥ ያስፈልጋል። ዛሬ የጉባኤ ስም ይዘው የሚነግዱ አሉ። ለተማሪው በኢሜይል የሙገሳ ደብዳቤ ይልኩለታል፤ ጽሑፉን ማንም ሳያነበው በሁለትና በሦስት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» ይሉታል፤ ከዚያም የምዝገባ ክፍያ ይጠይቁታል። እውነተኛ ጉባኤ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ፤ አዘጋጁ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር ነው፤ ጽሑፉን ገምጋሚዎች አንብበው አስተያየት ይጽፉበታል፤ ያለፉት ዓመታት ጽሑፎች በታወቀ አሳታሚ ወጥተው ይገኛሉ። በአገራችን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ2017 ያስተናገደው የአፍሪካ ልማትና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጉባኤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጽሑፎቹ ተገምግመው በዓለም አቀፍ አሳታሚ ታትመዋል። ተማሪው ከመክፈሉ በፊት መምህሩን ያማክር። የእህቱ የወር ደመወዝ ለማያውቀው ነጋዴ አይሂድ።

በውድድሮች ላይ የሚነሱ ሁለት ትችቶች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ሊሰጣቸው የሚገባ ነው። የመጀመሪያው «የውድድር ጥያቄ ከእውነተኛው የሶፍትዌር ሥራ ጋር አይገናኝም» የሚል ነው። ትችቱ በከፊል እውነት ነው። በመሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራም ለዓመታት ይኖራል፤ ሌሎች ያነቡታል፤ ይጠገናል፤ በውድድር የተጻፈ ኮድ ግን ከአምስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ስለዚህ ውድድር ብቻውን መሐንዲስ አያደርግም። የሚሰጠው ግን ሌላውን ሁሉ የሚሸከም መሠረት ነው፤ ችግርን አንብቦ መረዳት፣ ከብዙ መንገዶች ውስጥ በጊዜ የሚያደርሰውን መምረጥ፣ ሥራውን ከማስረከብ በፊት ራስን መጠራጠር። ከዚህ ጋር ሃካቶኖች ሲጨመሩ ሥዕሉ ይሟላል። በነሐሴ 2018 በጅዳ በተካሄደው የሐጅ ሃካቶን 2,950 ተወዳዳሪዎች ተገኝተው በጊነስ የዓለም ድንቃድንቅ መዝገብ ሰፍሯል፤ አንደኛ የወጡትም ሳዑዲያውያን ሴቶች ነበሩ። ያቀረቡት «ቱርጁማን» የተባለ መተግበሪያ ሐጃጆች ምልክቶችንና መመሪያዎችን ያለ ኢንተርኔት በቋንቋቸው እንዲረዱ የሚያግዝ ነው። ቋንቋ ባለማወቅ በሕዝብ መካከል መጥፋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ ይረዳል።

ይህ ምሳሌ ስለ ሴት ተማሪዎችም ይናገራል። ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሴቶች ፓስፖርት አውጥተው በራሳቸው መጓዝ እንዲችሉ ሕጉ ተሻሽሏል፤ በ2021 ደግሞ የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴት ተማሪዎችን ተቀብሏል። የሕጉ በር ተከፍቷል። ቀሪው የዩኒቨርሲቲዎቹ ሥራ ነው፤ የሴቶችና የወንዶች ክፍሎች በተለያየ ግቢ ሲሆኑ ልምምዱ፣ አሠልጣኙና በጀቱ ለሁለቱም እኩል መድረሱን ማረጋገጥ አለባቸው። ቤተሰብም ቢሆን ወንድ ልጁን ለውድድር ሲያስኬድ ሴት ልጁን «ምን ያደርግልሻል» ብሎ እንዳያስቀር አደራ እንላለን።

ሁለተኛው ትችት አዲስና ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በአዘርባጃን ባኩ በተካሄደው የዓለም ፍጻሜ 139 ቡድኖች ተሳትፈዋል፤ ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች አሸናፊው የሰዎች ቡድን አሥራ አንዱን ፈታ። በዚያው ጥያቄ ላይ የተፈተነው የጉግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሥሩን፣ የኦፕንኤአይ ደግሞ ሁሉንም መፍታታቸው ተገለጸ። «እንግዲህ ማሽኑ ከፈታው ልጆቻችን ለምን ይደክማሉ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ የሚያስገርም አይሆንም። መልሱ ከዚህ በፊት ያለፍንበት ነው። የሒሳብ ማሽን ከመጣ ወዲህ ልጆችን መደመርና ማካፈል ማስተማር አልተወም፤ ማሽኑ ሲሳሳት የሚያውቀው መደመር የተማረው ነውና። ዛሬ ኮድ በማሽን በብዛት በሚጻፍበት ዘመን ተፈላጊው ሰው የተጻፈውን አንብቦ «ይህ እዚህ ላይ ይወድቃል» የሚለው ነው። ያን ዐይን ደግሞ በማሽን ፊት ተቀምጦ በመቅዳት ማንም አላገኘውም። ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ሦስት ሆነው በአንድ ወረቀት ላይ ሲከራከሩ የሚገኝ ነው። እንዲያውም በቤት ሥራ ላይ ማን ምን እንደሠራ መለየት አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ፣ ተማሪው በገዛ አእምሮው የሚመዘንባቸው እነዚህ አዳራሾች ከቀድሞው ይልቅ ዋጋቸው ጨምሯል።

እውቀትን ፍለጋ መጓዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ ደረሳው ነሕው ከአንዱ ሼኽ፣ ፊቅህ ከሌላው፣ ተፍሲር ከሦስተኛው ለመቅራት ስንቁን አንጠልጥሎ ከአገር አገር ይዞር ነበር፤ በጎጃምና በጎንደር የቆሎ ተማሪው ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው እየለቀመ እንዲሁ ተጉዟል። አልጎሪዝም የሚለው ቃል ራሱ ስሙን የወሰደው በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከኸዋሪዝም ምድር ስሙን ይዞ በባግዳድ ከሠራው ከሊቁ ከአል ኸዋሪዝሚ ነው። ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ ተማሪ በአንድ መምህርና በአንድ ክፍል ብቻ ተወስኖ አይበስልም። በዚያን ዘመን ደረሳውንም ሆነ የቆሎ ተማሪውን የሚያሳልፈው የመንደሩ ሰው ነበር፤ ቁራሽ እየሰጠ፣ ማደሪያ እየፈቀደ። ዛሬ ቁራሹ የአውቶቡስ ቲኬት፣ የቪዛ ክፍያና አሮጌ ላፕቶፕ ሆኗል።

በደማምና በአል ኸበር የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አባላት ለበዓል፣ ለሐዘንና ለሠርግ የሚሰባሰቡበት የቆየ ልማድ አላቸው። ከዚያ መሰባሰብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ምን ያህል ነገር በተሠራ ነበር። በኮምፒውተር ሙያ የሚሠሩ ወገኖች በሳምንቱ ዕረፍት ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል የኮሌጅ ልጆችን ሰብስበው ቢያለማምዱ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ያላቸው ቢሰጡ፣ ነጋዴዎች የአንድን ቡድን መጓጓዣ ቢሸፍኑ፣ በሚቀጥለው የቀጣናው ሻምፒዮና ላይ ከሁለቱም ወገን፣ ከዚህም ከአገር ቤትም፣ የእኛ ልጆች በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው ማየት ሩቅ ምኞት አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲዎች በአዲሱ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ምርጫውን ለሁሉም ይክፈቱ፤ ቀኑንና በጀቱን አስቀድመው ያሳውቁ። ወላጆችና አሳዳጊዎች «ጨዋታ ነው» ከማለታቸው በፊት ይጠይቁ፤ ከጠየቁና ካመኑ በኋላ ደግሞ ይደግፉ። ተማሪዎችም ሰርተፊኬቱን ከግድግዳ ላይ ከመስቀላቸው በፊት በውድድሩ ያልፈቱትን ጥያቄ ይፍቱ፤ ከዚያም ለታናናሾቻቸው ያስረዱ።